ለጊዜው፦ ቴምፕ የተባለው ፎልደር ታሪክ

መብራት የሄደው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነበር። ላብ ውስጥ የነበርነው ሁሉ አንድ ላይ "ኧረ!" አልን፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጠበቅን፣ ማሽኖቹም አንድ በአንድ በሩ። እኔ ግን ስገባ የመመረቂያ ጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ የለም። የግል ፎልደሬ ከሞላ ሁለት ሳምንት ሆኖት ስለነበር ሥራዬን "ለጊዜው" ብዬ የማስቀምጠው ቴምፕ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነበር። ሰፊ ነው፤ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሞላህ ብሎ አይጮህብህም። ላቡን የሚቆጣጠረው ልጅ መጥቶ ስክሪኔን አየና ሳቅ አለ።

"ወንድሜ፣ ቴምፕ ላይ ነው እንዴ ያስቀመጥከው? ማሽኑ በተነሳ ቁጥር እኮ ይጠረጋል።"

ማን ነው የሚጠርገው ብዬ ጠየቅሁት።

"ማንም። እንዲሁ ነው የተሠራው።"

ምዕራፉን እንደገና ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ሰው "ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል" ይላል፤ ውሸት ነው። ከምዕራፉ በላይ የከነከነኝ ግን የልጁ መልስ ነው። ኮምፒውተር ላይ "እንዲሁ" የሚሆን ነገር የለም። አንድ ሰው አንድ ቀን በሆነ ምክንያት ወስኖታል። ያንን ሰውና ያንን ቀን ፍለጋ ስገባ ከሃምሳ ዓመት በላይ ወደኋላ ሄድኩ። ስለ ጽዳት አነባለሁ ብዬ ነበር፤ ያገኘሁት ታሪክ በብዛት ስለ መተማመን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊኑክስ ነክታችሁ ለማታውቁ፦ በሊኑክስም ሆነ በማክ፣ ባጠቃላይ የዩኒክስ ዘር በሆነ ማሽን ሁሉ ላይ ቴምፕ የሚባል ፎልደር አለ። ስሙ "ጊዜያዊ" ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቆረጠ ነው። ፕሮግራሞች ሥራቸውን እስኪጨርሱ የሚፈልጉትን ነገር እዚያ ያስቀምጣሉ። ማንኛውም ተጠቃሚ፣ ማንኛውም ፕሮግራም ሊጽፍበት ይችላል።

ዩኒክስ የተጀመረው በ1969 ኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል በሚገኘው ቤል ላብስ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር፣ ብዙ ሰው በማይጠቀምበት ፒዲፒ-7 በተባለ ማሽን ላይ ሠሩት። በኋላ ፒዲፒ-11 የሚባል አዲስ ማሽን ተገዛላቸው። ሪቺ ራሱ በኋላ ስለዚያ ዘመን ሲጽፍ የዚህን ማሽን ልክ ዘርዝሮታል፦ ሚሞሪው በጠቅላላ 24 ኪሎባይት። ከዚያ ላይ 16ቱን ሲስተሙ ራሱ ይወስዳል፤ ለተጠቃሚው ፕሮግራም የሚቀረው 8 ኪሎባይት ነው። ዲስኩ ግማሽ ሜጋባይት። በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ እዚያ ዲስክ ላይ አይገባም። ይህ የምታነቡት ጽሑፍ እንኳ፣ በዛሬው አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ 8 ኪሎባይቱ ውስጥ ሲሶው አይገባም።

ደግሞ ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። በ1971 ሁለተኛ አጋማሽ ከቤል ላብስ የፓተንት ክፍል የመጡ ሦስት ታይፒስቶች ቀኑን ሙሉ በዚህ ማሽን ላይ የፓተንት ማመልከቻ ይጽፉ፣ ያርሙ ነበር። በዚያው ሰዓት በዚያው ማሽን ላይ ፕሮግራመሮቹ አዲስ ነገር ይሞክራሉ። የአንዱን ፕሮግራም ሚሞሪ ከሌላው የሚጠብቅ ምንም ነገር ስላልነበረ አንድ ስህተት ሁሉንም ይዞ ሊወድቅ ይችል ነበር። ዲስኩም ጠባብ ስለሆነ በየጥቂት ሰዓቱ የተጻፈውን ወደ ቴፕ ማውጣት ነበረባቸው። እነዚህ ሦስት ታይፒስቶች በኮምፒውተር ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚደርሳቸው። በእኔ አስተያየት ግን የቴምፕ የመጀመሪያዎቹ እውነተኛ ተከራዮች እነሱ ናቸው።

ለምን ብትሉ፣ ይጠቀሙበት የነበረውን ኢዲ የተባለ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ተመልከቱ። ኢዲ ፋይል ሲከፍት ሙሉውን ሚሞሪ ላይ አይጭንም፤ የት ብሎ! ቴምፕ ውስጥ የሥራ ቅጂ ይፈጥራል። ስትሰርዙም ስትጨምሩም የምትነካኩት ያንን ቅጂ ነው። "ጻፍ" የሚለውን ትዕዛዝ ስትሰጡት ዋናው ፋይል ይቀየራል፤ ስትወጡ ቅጂው ይጠፋል። የሲ ኮምፓይለሩም እንደዚሁ ነው። ሥራውን በደረጃ ከፋፍሎ፣ የአንዱን ደረጃ ውጤት ቴምፕ ላይ ጥሎ፣ ቀጣዩ ደረጃ ከዚያ ያነሳል። ትልልቅ ዝርዝር በፊደል ተራ የሚደረድረው ፕሮግራምም ሚሞሪ ያልበቃውን ዲስክ ላይ እያሳደረ ነበር የሚሠራው። ባጭሩ ቴምፕ የተወለደው ከድህነት ነው። ሚሞሪ ስላልነበረ።

ዳግላስ ማኪልሮይ የተባለው የቤል ላብስ ሰው ይህ ነገር አይዋጥለትም ነበር። ገና በ1964 በጻፈው ማስታወሻ ላይ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ እርስ በርስ መቀጣጠል አለባቸው የሚል ሐሳብ አስፍሯል። የእሱ ጉትጎታ ፍሬ አፍርቶ ፓይፕ በ1973ቱ የዩኒክስ ሦስተኛ እትም መመሪያ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ የአንዱን ውጤት ፋይል ላይ አስቀምጦ፣ ለሌላው ሰጥቶ፣ መጨረሻ ላይ ማጥፋት ለብዙ ሥራ አላስፈለገም። ቴምፕ የሚቀር መስሎ ነበር። አልቀረም። ወደኋላና ወደፊት እየተመላለሱ የሚሠሩበት ነገር ሁሉ፣ እንደ ማረሚያው ፕሮግራም፣ በፓይፕ አይሆንም።

እንግዲህ ክፍት መሆኑ። እዚህ ላይ አንድ የዩኒክስ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ፎልደር ማለት የስም ዝርዝር ነው፤ ፋይል ማጥፋት ደግሞ ከዝርዝሩ ላይ ስም መሰረዝ። ስለዚህ ለማጥፋት የሚታየው በፋይሉ ላይ ያለህ መብት አይደለም፤ በፎልደሩ ላይ የመጻፍ መብት አለህ ወይ የሚለው ነው። ቴምፕ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው የመጻፍ መብት ሊኖረው ግድ ነው፤ አለዚያ ምኑን ቴምፕ ሆነ? ውጤቱን ራሳችሁ ገምቱ። ከፍቼ እንዳላነብ የተከለከልኩትን የእናንተን ፋይል ማጥፋት ግን እችላለሁ። በኪራይ ግቢ ውስጥ ያለ የጋራ ልብስ ማስጫ ገመድ በሉት። ሁሉም ያሰጣበታል፤ የሌላውን ልብስ ከማውረድ የሚያግድህ ጨዋነትህና የጎረቤቶችህ ዓይን ብቻ ነው። መሪ ሂል ላይ ይህ በቂ ነበር። ሁሉም ይተዋወቃል። ስህተት ብትሠራ ኮሪደሩ ላይ ያገኙሃል።

(ከዚሁ ጠባይ የሚመጣ አንድ ደስ የሚል ብልሃት አለ። ፕሮግራሙ ፋይል ይፈጥራል፣ ይከፍታል፣ ወዲያው ስሙን ይሰርዛል። ስሙ ከዝርዝሩ ጠፋ፤ ፋይሉ ግን ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ድረስ አለ። ፕሮግራሙ ቢሞት እንኳ የሚቀር ቆሻሻ የለም። የሚያበሳጨው ደግሞ፣ ዲስኩ "ሞልቷል" እያለ ምንም የሞላ ነገር የማታገኙበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ይኸው ብልሃት መሆኑ ነው።)

ጥያቄዬ መጥረጉ ላይ ነበር፤ እዚያ ደረስን። ዩኒክስ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲወጣ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዋነኛ ቤቱ ሆነ። የበርክሌይ ማሽን ሲነሳ የሚሄደው ስክሪፕት ቴምፕን ያጸዳ ነበር። አመክንዮው ቀላል ነው። ማሽኑ ሲወድቅ በላዩ ይሠሩ የነበሩት ፕሮግራሞች ሁሉ አብረው ይሞታሉ። ስለዚህ ቴምፕ ውስጥ የተገኘው ሁሉ ባለቤቱ የሞተበት ዕቃ ነው፤ ማንም ተመልሶ አይጠይቅበትም። የላቡ ልጅ "እንዲሁ ነው የተሠራው" ያለው ይህንን ነው። ይህ ፎልደር የሚያውቀው ፕሮግራምን ነው። ሰው፣ ያውም ምዕራፍ ሦስት የሚጽፍ ሰው፣ ቤቱ ያደርገዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ግን ቆይ። በርክሌዮች ይህን ክፍተት አይተውት ነበር። ቢል ጆይ በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የሠራው ቪአይ የተባለ ማረሚያ እንደ ኢዲ የሥራ ቅጂውን ቴምፕ ላይ ነበር የሚያኖረው። ማሽኑ ቢወድቅ ያልተቀመጠው ሥራህ እዚያ ቅጂ ውስጥ አለ ማለት ነው። ስለዚህ የማስነሻው ስክሪፕት ከመጥረጉ በፊት አንድ ሌላ ፕሮግራም ይጠራል። ያ ፕሮግራም ቴምፕ ውስጥ ገብቶ የማረሚያ ቅጂዎችን ይለቅማል፣ ወደ ሌላ ፎልደር ያሻግራል፣ ለእያንዳንዱ ባለቤትም "ሥራህ ተርፏል፣ በዚህ ትዕዛዝ አውጣው" የሚል ኢሜይል ይልካል። መጥረጊያው ከዚያ በኋላ ነው የሚነሳው። ይህን ሳነብ ቀናሁ። ከእኔ ላብ ሠላሳ ምናምን ዓመት ቀድሞ የነበረ ማሽን ለተማሪው የተሻለ ያስብ ነበር።

ችግሩ የመጣው ግቢው ሲሰፋ ነው። በአንድ ማሽን ላይ በመቶ የሚቆጠሩ የማይተዋወቁ ተማሪዎች ሲገቡ፣ ማሽኖቹም በኔትወርክ ሲገናኙ የጎረቤት ዓይን የሚባለው ነገር አበቃ።

የመጀመሪያው ጥገና በ1986 በወጣው ቢኤስዲ 4.3 ላይ መጣ። ዩኒክስ ላይ ከቀድሞ ጀምሮ ስቲኪ ቢት፣ "ተጣባቂ" እንደ ማለት፣ የሚባል ምልክት ነበር። አንድ ፕሮግራም በተደጋጋሚ የሚከፈት ከሆነ ይህን ምልክት ስትሰጡት ቶሎ እንዲነሳ ዲስኩ ላይ ካለው የሚሞሪ ማቆያ ሳይወጣ ተጣብቆ ይቀራል። ከፎልደር ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በርክሌዮች ይህንኑ ምልክት ወስደው ለፎልደር አዲስ ትርጉም ሰጡት፦ ምልክቱ ባለበት ፎልደር ውስጥ ፋይል ማጥፋት ወይም ስሙን መቀየር የሚችለው የፋይሉ ባለቤት፣ የፎልደሩ ባለቤት ወይም ሩት ብቻ ነው። ዛሬም ተርሚናል ከፍታችሁ የቴምፕን ፈቃድ ብታዩ መጨረሻው ላይ አንዲት የ"ቲ" ፊደል አለች። የመጀመሪያ ትርጉሟ ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱን የምትጠብቀው ግን እሷ ናት።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ኅዳር 2 ቀን 1988 ማታ ሮበርት ታፓን ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ተማሪ የለቀቀው ዎርም ኢንተርኔቱን አጥለቀለቀው። በዘመኑ ግምት 6,000 ገደማ ማሽኖችን ነክቷል። ዎርሙ አዲስ ማሽን ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው የቴምፕ ታናሽ ወንድም ወደሆነው ወደ ዩዝር-ቴምፕ መግባት ነበር። እዚያ ትንሽ የሲ ኮድ ይጽፋል፣ እዚያው ኮምፓይል ያደርጋል፣ ያስነሳል። ቀሪውን አካሉን ካመጣ በኋላ ሚሞሪ ላይ ይወጣና ፋይሎቹን ያጠፋል። ማንም ሊጽፍበት የሚችል ቦታ ለእንግዳም ክፍት ነው። አስተዳዳሪዎቹ መጀመሪያ ካስተዋሏቸው ምልክቶች አንዱም ያ ፎልደር ውስጥ የተገኙ የማይታወቁ ፋይሎች ነበሩ። ሌባው የገባበት በር ዱካውንም ያሳየ በር ሆነ።

ከዎርሙ ይልቅ ግን ረጅም ዕድሜ የኖረው ችግር ድምፅ የሌለው ነው። በ1979 የወጣው ሰባተኛው እትም ለፕሮግራመሮች ጊዜያዊ ስም የሚያወጣ መሣሪያ ሰጣቸው። ስሙን የሚሠራው ከፕሮግራሙ መለያ ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ ተራ በተራ የሚሰጥ ስለሆነ ቀጣዩን መገመት ይቻላል። በ1983 ቢኤስዲ 4.2 ሲምሊንክን አመጣ። ሲምሊንክ ማለት ሾርትከት ነው፤ ስሙን ስትከፍቱ ወደ ሌላ ፋይል ይወስዳችኋል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጓቸው። እኔ ሩት የሚያስነሳው ፕሮግራም ነገ ምን ስም እንደሚጠቀም እገምታለሁ። በዚያ ስም ቴምፕ ውስጥ ሲምሊንክ አስቀምጣለሁ፤ ሲምሊንኩ የሚያመለክተው የሲስተሙን የይለፍ ቃል ፋይል ነው። ፕሮግራሙ ይመጣል፣ ጊዜያዊ ፋይሌ ነው ብሎ ይጽፋል። የጻፈው ግን የይለፍ ቃሉ ፋይል ላይ ነው። ስቲኪ ቢት እዚህ ምንም አይረዳም፤ ምክንያቱም የማንንም ልብስ አላወረድኩም፤ የራሴን ነው ያሰጣሁት።

"ታዲያ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ስሙ መያዝ አለመያዙን አያይም?" ትሉ ይሆናል። ያያል። ግን በማየትና በመጻፍ መካከል ቅንጣት ጊዜ አለች፤ አጥቂው የሚሽቀዳደመው ለዚያች ነው። ሺህ ጊዜ ሞክሮ አንዴ ከቀናው በቂው ነው። ማት ቢሾፕና ማይክል ዲልገር በ1996 ባወጡት ጥናት ይህን ዓይነት ስህተት ከፕሮግራሞች ኮድ ውስጥ እንዴት መለየት እንደሚቻል በዝርዝር አሳዩ። መድኃኒቱ ማየትና መፍጠርን አንድ ማድረግ ነው፦ "ይህን ፋይል ፍጠር፤ ቀድሞ ካለ ግን እምቢ በል" የሚል አንድ ትዕዛዝ፣ ከማይገመት ስም ጋር። መድኃኒቱ ነበረ። የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። በ1990ዎቹና ከዚያም በኋላ የደኅንነት ማስታወቂያዎች በዚሁ አንድ ስህተት ተሞልተው ነበር፤ ፕሮግራሙ ይቀየራል እንጂ ታሪኩ አንድ ነው።

ጽዳቱ ራሱ ሳይቀር አደጋ ሆነ። ለወራት ሳይጠፉ የሚሠሩ ሰርቨሮች በመነሳት ጊዜ አይጠረጉም፤ ስለዚህ አስተዳዳሪዎች ሌሊት ሌሊት "ከዚህን ያህል ቀን በላይ ያልተነካውን አጥፋ" የሚል ስክሪፕት ያስነሱ ነበር፤ ያውም በሩት ሥልጣን። አጥቂው ቴምፕ ውስጥ ፎልደር ይሠራል፣ መጥረጊያው ሊገባበት ሲል ፎልደሩን በሲምሊንክ ይተካዋል። መጥረጊያውም ሲምሊንኩን ተከትሎ ሄዶ የሲስተሙን ፋይል ይጠርጋል። ቴምፕወች፣ ቴምፕሪፐር የሚባሉት ለጽዳት ብቻ የተጻፉ ፕሮግራሞች እንዲህ ያለውን ወጥመድ እያዩ እንዲጠርጉ የተሠሩ ናቸው።

የሊኑክስ ከርነል ራሱ ጣልቃ የገባው በ2012 ነው፤ ሲምሊንክ ከመጣ 29 ዓመት ቆይቶ። በ3.6ኛው እትም ላይ የገባው ደንብ እንደ ቴምፕ ባለ ለሁሉም ክፍትና ስቲኪ በሆነ ፎልደር ውስጥ የሌላ ሰው ሲምሊንክ እንዳትከተል ያግዳል። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ደኅንነት ላይ የሚሠሩ ሰዎች ለዓመታት ከዋናው ከርነል ውጪ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በዚያው ሰሞን ሲስተምዲ የሚባለው ሲስተሙን የሚያስነሳ ፕሮግራም ከዚያ የባሰ ነገር አመጣ፦ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የራሱን የተለየ ቴምፕ መስጠት። አገልግሎቱ የጋራው ግቢ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ያለው ግን በር በተዘጋ የራሱ ክፍል ውስጥ ነው። ሁሉም ይህን ቢጠቀም የጋራ ቴምፕ የሚባል ነገር ስም ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

መካከል ላይ ደግሞ ቦታው ተቀየረ። የሰን ማይክሮሲስተምስ መሐንዲሶች ለጥቂት ደቂቃ የሚኖር ፋይል ዲስክ ድረስ ምን አደከመው ብለው ቴምፕን ሚሞሪ ላይ የሚያስቀምጥ ቴምፕኤፍኤስ የሚባል ነገር ሠሩ። ሊኑክስ የራሱን በ2001 ከወጣው 2.4 ከርነል ጋር አገኘ። ሚሞሪ ባለመኖሩ የተፈጠረው ፎልደር ሚሞሪ ስለተረፈ ወደ ሚሞሪ ተመለሰ። መሪ ሂል ላሉት ታይፒስቶች ይህን ብትነግሯቸው የሚያምኗችሁ አይመስለኝም።

"ጊዜያዊ" የሚለው ቃል ግን ራሱ አስቸጋሪ ነው። እኛ አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ "ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ" በዚያ ስም ከ1974 እስከ 1987 ገዝቷል፣ 13 ዓመት። በኮምፒውተሩም ዓለም ቃሉ ሰኔ 2024 ላይ ሰው አሳስቷል። ሲስተምዲ ውስጥ "ቴምፕፋይልስ" የሚባል መሣሪያ አለ። ሲጀመር ጊዜያዊ ፋይሎችን ለመፍጠርና ለማጽዳት ነበር፤ እያደር ግን ማሽኑ ሲነሳ መኖር ያለባቸውን ፎልደሮች ሁሉ የሚያሰናዳ ሆነ፣ የተጠቃሚዎች የግል ፋይል የሚቀመጥበትን ሆም ጨምሮ። ስሙ ግን አልተቀየረም። በ256ኛው እትም ላይ "ፐርጅ" የሚል አዲስ ትዕዛዝ ተጨመረለት፦ በዝርዝሩ ያለውን ሁሉ አጥፋ። አንድ ተጠቃሚ ስሙን አይቶ ጊዜያዊ ፋይል የሚያጸዳ መስሎት አስነሳው። ሆም ፎልደሩ ሄደ። ክርክር ተነሳ፤ ከዚያ በቀጣዩ ማስተካከያ ትዕዛዙ የትኛውን ዝርዝር እንደሚያጠፋ ካልተነገረው እንዳይሠራ ተደረገ። እኔ በዚያ ክርክር ውስጥ ከተጠቃሚው ጋር ነበርኩ። በር ላይ "ቆሻሻ መጣያ" ብለህ ጽፈህ ውስጡ ሰው ካስተኛህ ጥፋቱ የጠራጊው አይደለም።

ነሐሴ 2025 ላይ ዴቢያን 13 ወጣ። ከዚህ እትም ጀምሮ ቴምፕ በነባሪነት ሚሞሪ ላይ ነው፤ እስከ ማሽኑ ሚሞሪ ግማሽ ድረስ ሊወስድ ይችላል። አዲስ ለሚጭን ሰው ደግሞ ማሽኑ ባይጠፋም ቴምፕ ውስጥ 10 ቀን የቆየ፣ ቫር-ቴምፕ ውስጥ 30 ቀን የቆየ ፋይል በራሱ ይጠፋል። ቫር-ቴምፕ የዚያ የዩዝር-ቴምፕ ወራሽ ነው፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ የማይጠረግ መሆኑ ነበር ክብሩ።

የእኔን አሮጌ ላፕቶፕ ከ12 ወደ 13 ያሳደግሁት ባለፈው ክረምት ነው። ማሳደጊያ ማስታወሻው ውስጥ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው፦ አዲሱ ቴምፕ ሚሞሪ ላይ ሆኖ በአሮጌው ላይ ስለሚነጠፍ፣ በዲስኩ ላይ የነበረው ቴምፕ ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም። ዋናውን ዲስክ በሌላ ቦታ በኩል ደግማችሁ ከከፈታችሁት ከሥር ታዩታላችሁ። ምንጣፍ ገለጥ እንደ ማድረግ ነው። ገለጥኩት። ግማሹ የወረደ ፒዲኤፍ፣ አንድ ስክሪንሾት፣ ሁለት ባዶ ፎልደሮች፣ እና "ረቂቅ" ብዬ የሰየምኩት ከዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ አንቀጾች አንዱ። አሁንም ቴምፕ ላይ እጽፋለሁ ማለት ነው። ፋይሉን ወደ ሆም ቀድቼ ምንጣፉን መለስኩት።